የለቃሚዎቹ እርሾ

«የአጥሩ ነገር ያለቀ ነው ጀላል። ያ ችካል በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሦስት ሽማግሌ ቆሞ የተተከለ ችካል ነው። ከተጠራጠርክ ሽማግሌዎቹን አስጠራ፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛው ግን አስኮ አለ።»

ደሜ ይህን የተናገረችው ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ገና የግቢውን በር እንደያዘች ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ስለከረመች ወገቧ እዚያው የምትቀመጥበት ዱካ ላይ የቀረ ይመስላታል። ከጦር ኃይሎች ፌርማታ ጀምራ በእግሯ ስትመጣ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ለማንም መልስ ሳትሰጥ መቀመጥ። ቤቷ ስትደርስ ግን ጎረቤቷ ጀላል፣ የጆንያ ነጋዴው፣ በኮሺም አጥሯ ሥር እየተራመደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እርምጃውን ሲቆጥር አገኘችው። ኮልፌ ውስጥ የሰው አጥር በእርምጃ የሚለካ ሰው ደግ ነገር አስቦ አያውቅም።

ጀላል አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ቁጥሩም ጠፋው። ጨዋ ሰው ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመት ጉርብትና ከደሜ ጋር የተጋጩት አንዴ ብቻ፣ እሱ ጆንያ ሲያራግፍ አቧራው እሷ ያሰጣችው ልብስ ላይ ያረፈ ዕለት ነው። ስለ አጥር ምንም እንዳላለ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ግን አንዴ ጀምራለች፤ ኮሺሙን ማን እንደተከለው፣ በማን ውሃ እንዳደገ፣ እሾሁ ወደ እሱ ግቢ የዞረው በፀሐይ ምክንያት እንጂ በእሷ ተንኮል እንዳልሆነ አንድ በአንድ ነገረችው። ጀላል እስክትጨርስ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አጥሩማ ይፈርሳል ብለን እኮ ነው እትዬ ደሜ» አላት። «ጋሽ ቱሉ አልነገሩዎትም እንዴ?»

አልነገራትም። ጀላልም ያልተነገረ ነገር የሚነግር ሰው መሆን አስጨንቆት፣ መሬት መሬቱን እያየ ጨረሰው። ባሏ ቤቱን ከነግቢው ሊሸጥለት ተስማምቷል። ጀላል ነገ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ ውሉ ይጻፋል። አሁን የሚለካው አጥሩ ሲፈርስ የጆንያ መጋዘኑ ወዴት ሊዘረጋ እንደሚችል ነው። ሚስቱ ሀያቱ ደግሞ በደሜ ግቢ አጥሩን ተጠግቶ የበቀለው ጌሾ እንዳይቆረጥ አደራ ብላለች።

«ገብቶኛል» አለች ደሜ፤ ገባች። እግሯን አልዘፈዘፈችም።

ቱሉ በዚያን ጊዜ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። የዱቄት ወፍጮ ቤት የቀን ዘበኛ ሆኖ ዓመታት አልፈውታል፤ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ስለሚገባ፣ ሽበቱ የቱ ዱቄቱ የቱ እንደሆነ የሚለየው ሲታጠብ ብቻ ነው። ግን በራሱ ሐሳብ ዘበኛ ሆኖ አያውቅም። በራሱ ሐሳብ ጋራ ሜቲ የሚባለው የብር ጋራ ሰው ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ወፍጮ ቤት በር ላይ እንዲቆም የታዘዘ። ጥቂቱ ጊዜ ሃያ ዓመት ሆነው እንጂ።

ኮልፌ ውስጥ ስለ ጋራ ሜቲ ያልሰማ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ጋራው ከነቀምት ወዲያ በበቅሎ ብዙ ያስኬዳል። ቱሉ ሲያወራው ከላይ ይጀምራል። አናቱ ዝገት የመሰለ ቀይ ነው። ወገቡ ላይ ነጭ ድንጋይ እንደ መቀነት ጠምጥሞታል፤ መቀነቱ አንዳንድ ቦታ ክንድ ይሰፋል፣ አንዳንድ ቦታ ጣት አይሞላም። ብሩ ያለው እዚያ መቀነት ውስጥ ነው። ይህን ሲል ታዲያ ሰሚው ሁሉ ድንጋይ ውስጥ የተጋደመ የሚያብረቀርቅ የአንገት ሐብል ይታየዋል። ቱሉም ይህን ስለሚያውቅ ከአልጋው ሥር አንድ ድንጋይ አውጥቶ ያሳያል። ድንጋዩ ግራጫ ነው፤ ሲሰባበር ጠርዙ እንደ ስኳር ቁራጭ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከመጠኑ በላይ ከመክበዱ በቀር የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ሀያቱ መጀመሪያ ያየችው ዕለት የከሰል ስባሪ መስሏት ልትጥልለት ነበር።

ብሩ በዓይን አይታይም፤ ግራጫው ድንጋይ በያዘው እርሳስ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው። የጥንት ሰዎች የጋራውን አናት በእሳት እያጋሉ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ በእጃቸው እየለቀሙ ወስደዋል፤ ጉድጓዳቸው እስከዛሬ ቁጥቋጦ ለብሶ አለ። ጥልያን በዘመኑ ዋሻ ፈለፈለ። ጥልያን ሲወጣ አንድ ኩባንያ መጥቶ ዋሻውን ሦስት ደርብ አደረገው፤ ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው። ወንዶቹ ድንጋዩን እየፈነቀሉ በከረጢት ያወጣሉ። ከዋሻው አፍ ዝቅ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሃያ ሴቶች ተደርድረው፣ በትንሽ መዶሻ እየሰበሩ ግራጫውን ከነጩ ይለቅማሉ። የተለቀመው ተፈጭቶ ምድጃ ይገባል፤ ቀልጦ የእርሳስ ድፍን ይሆናል። ድፍኑ በአጥንት አመድ በተሠራ ሰፊ ዋንጫ ላይ እንደገና ሲቀልጥ፣ አመዱ እርሳሱን ይጠጣውና ብሩን ያስቀረዋል። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ከተለቀመው አንድ ከረጢት ለሙከራ ወደ ሙሴ ስታቭሮ ይሄዳል። ሙሴ ስታቭሮ መነጽሩን በክር ያሰረ ግሪክ ነበር። በትንሿ ምድጃው ፈትኖ፣ ምስር የምታክል የብር ፍሬ በጣቱ ጫፍ ይዞ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል።

ቱሉ ተሸካሚ ነበር። ከዋሻው ወደ ለቃሚዎቹ፣ ከለቃሚዎቹ ወደ ሙሴ። «ትከሻዬ ሚዛን ነበር» ይላል፤ የሰፈሩ ሰውም ዓረፍተ ነገሩን አብሮት ይጨርሳል። በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ታችኛው ዋሻ ውሃ ገባው፣ የኩባንያው ባለቤቶችም እርስ በርስ ተጣሉ፣ ሁሉም ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ቱሉና ደሜም ለጥቂት ጊዜ ብለው አዲስ አበባ መጡ። ደሜ እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ድንጋይ ለቀመች፤ እዚህ ደግሞ ቡና ትለቅማለች። ቡናው ይቀላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ማታ ቱሉ ሲገባ ታጥቦ እስኪቀመጥ ታገሰችው። ከዚያ ጀላል አጥሩን እየለካ እንደነበር ብቻ ነገረችው። ቱሉ ከመደንገጥ ይልቅ ቀለለው፤ እንዴት እንደሚጀምር ሳምንት ሙሉ ጨንቆት ኖሯል። ከማዕድን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደደረሰው ነገራት። የሙሴ ስታቭሮ መዝገብ ከአንድ አሮጌ መጋዘን ተገኝቷል። መዝገቡ ውስጥ የእሱ ስም አለ። ሥራው ሊጀመር ስለሆነ ዋሻውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ የወንዶቹ አለቃ እሱ ይሆናል። ነገ ረፋዱ ላይ አንድ የተማረ ሰው ራሱ ቤት ድረስ ይመጣል።

ቤቱን ለምን እንደሚሸጥ ጠየቀችው። እዚያ ቤት መሥራት አለ፣ በቅሎ መግዛት አለ፤ ደግሞም ወደ ኋላ የሚመለስበት ቤት ያለው ሰው ይመለሳል አላት። ተመልሶ የሰው ዱቄት መጠበቅ አይፈልግም።

«እኔስ?» አለች።

«አንቺማ የለቃሚዎቹ አለቃ ነሽ» አላት፤ ሹመቱን ራሱ የሰጣት ያህል ደስ ብሎት።

ደሜ እጆቿን አየች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ከጋራ ሜቲ ጀምሮ አይታጠፉም። ልጃቸው ዱሬቲ አስኮ አግብታ፣ ወልዳ፣ በየእሑዱ ልጇን ይዛ ትመጣለች። ይህ ቤት ጭቃው በሦስት ዝናብ መካከል ተመርጎ፣ ቆርቆሮው አንድ አንድ ቅጠል እየተባለ ተጠራቅሞ የቆመ ቤት ነው። ከዚህ በኋላ የምትፈልገው ሌላ ነገር የለም፤ ባለችበት ማርጀት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልትለው ትችል ነበር። ሌላም፣ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነገር ልትለው ትችል ነበር። ግን ቱሉ እራቱን የሁለት ሰው ያህል በላ፤ ጫማውን ጠረገ፤ ከዚያ እንደገና ጠረገ። ሃያ ዓመት እንዲህ ሆኖ አላየችውም። 

እሑድ አምስት ሰዓት ላይ የመጣው ሰው ሀብተሥላሴ ይባላል። ውጭ አገር የድንጋይ ትምህርት የተማረ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። መኪናውን ታች ትቶ ዳገቱን በእግሩ ስለወጣ ጫማው አቧራ ብቻ ሆኗል። ደሜን ሁለት ጊዜ እጅ ነሳት። መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ቱሉ ያቺን ግራጫ ድንጋይ ከአልጋ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል ገና ማለዳ አስቀምጧት ስለነበር፣ ሀብተሥላሴ ከሰዎቹ ይልቅ መጀመሪያ ድንጋይዋን ሰላም ያለ ያህል ሆነ፤ አነሳት፣ መዘናት፣ ፈገግ አለ።

ሻይ ቀረበ። ሀብተሥላሴ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም እኩል እያየ አስረዳ። እንዲህ ያለ ጋራ ላይ፣ አለ፣ ዝናቡ ለብዙ ሺህ ዓመት አናቱን እያጠበ፣ ብሩን ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ያወርደዋል። ጋራው ውስጥ ውሃው እስከሚቆምበት ድረስ ይወርድና እዚያ ይከማቻል። አናቱ ዝገት መስሎ የቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰው ሲቆፍር መጀመሪያ ሀብታም ድንጋይ ያገኛል፤ ውሃው የሚቆምበትን ካለፈ በኋላ ግን ይሳሳል። ብዙ የብር ጋራ እንዲህ ሀብታም ጀምሮ ድሃ ሆኖ ነው የሚያልቀው።

«ጋራ ሜቲ ግን አልሳሳም» አለና መዝገቡን ገለጠው። «የመጨረሻዎቹን ሃያ አራት ወራት ይመልከቱ። ታችኛው ዋሻ ነው፤ ከውሃው በታች። መሳሳት ነበረበት። የእያንዳንዱ ወር ሙከራ ግን ያው ነው። ወጥ ነው። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም።»

ደሜ ማንበብ አትችልም። የቁጥሩ ዓምድ ግን ተደርድሮ ይታያታል፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ እኩል እኩል የቆመ። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮት እንደነበር ሀብተሥላሴ ቀጠለ። በእነዚያው ሁለት ዓመታት ከትልቁ ምድጃ የወጣው ብር ሙከራው ቃል ከገባው ያነሰ ነው። መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ኋላ በብዙ። ሙሴ ስታቭሮም ምክንያቱን በዳርቻው ጽፎታል፤ «ጭስ»። በሚያዝያ ጭስ። በግንቦት ብዙ ጭስ። ሰውየው ብሩ ከምድጃው በጭስ እየወጣ እንደጠፋ ነው የደመደመው፤ ይህ ደግሞ በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የጋራውን ጎን ይዞ የሚወጣ ረጅም የድንጋይ ጭስ ማውጫ ሊያሠራ አስቧል። ጭሱ በመንገዱ እየቀዘቀዘ ብሩን ግድግዳው ላይ ያራግፋል፤ በየጊዜው ተጠርጎ ይሰበሰባል።

«ጭሱን እንይዘዋለን» አለ ሀብተሥላሴ።

የጭሱ ነገር ሲነሳ ቱሉ ሻዩን አማሰለ። ስኳር ገና አልጨመረበትም ነበር።

ደሜ ግን ሻዩን አላየችም። ሐሳቧ የቆርቆሮው ዳስ ሥር ነበር።

ነገሩን የጀመረችው ወለተጻድቅ ናት፤ የለቃሚዎቹ ታላቅ፣ ድንጋዩን በእጇ አንስታ ሳታይ የምታውቅ ሴት። ሙከራው ደህና የሆነ ወር ማንም አያመሰግናቸውም ነበር። ሙከራው ያነሰ ወር ግን አለቃው መጥቶ፣ ልቀማው ደክሟል ብሎ፣ ሦስት ሴት ከመደቡ ዳር አስነስቶ ወደ አገራቸው ይሰዳል። ጋራው ሲደኸይ ቅጣቱ ለሴቶቹ። ስለዚህ ወለተጻድቅ ዘዴ አወጣች። ደህና ድንጋይ በወጣበት ቀን እያንዳንዷ ሴት ከሁሉ የከበደውን አንድ ሁለቱን ታስቀራለች። ከመቀመጫው ሥር ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ይገባል። ወሩ ክፉ ከሆነ፣ የሙከራው ከረጢት ከመታሰሩ በፊት ጉድጓዱ ይከፈትና ጥቂት ይጨመርበታል። ስሙንም ያወጣችለት እሷው ናት።

መጀመሪያ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነበር። ከአርባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ግን ከታችኛው ዋሻ የሚመጣው ነጭ ነጩ ብቻ ሆነ። በየወሩ ጉድጓዱ መከፈት ጀመረ። ወለተጻድቅ ስትሞት የጉድጓዱ ጠባቂ ደሜ ሆነች። ስንት ድንጋይ ቢጨመር ከባለፈው ወር ጋር እኩል እንደሚሆን በእጇ ታውቃለች፤ ሙሴ ስታቭሮ ሚዛን ነበረው፣ እሷ መዳፍ ነበራት፣ ሁለቱ አንድም ወር አልተጣሉም። ውሸት ነው ብላ ያሰበች ሴት አልነበረችም። መዝገብ የሚባለው ነገር ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚባረር የሚጻፍበት ይመስላቸው ነበር። ለወንዶቹ ግን እንዳይነገር ተማምለዋል። ያንን ያህል ጊዜ እኩል ያደረገችው የሙከራ ቁጥር አሁን እሑድ ቀን፣ ኮልፌ ድረስ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣባት።

ሀብተሥላሴ የሚጽፍበትን እርሳስ አወጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ እንደቀረው፣ ለወጉ ያህል እንደሆነ ተናገረና ወደ ደሜ ዞረ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚያው ለቃሚ ነበሩ አይደል? የሙከራው ከረጢት ከተለቀመው ክምር እንዲሁ ነበር የሚዘገነው?»

ከአጥሩ ማዶ ሀያቱ ስታስል ተሰማ፤ ጌሾው አጠገብ ቆማ እየጠበቀች ነው። ቱሉ ሻዩን ማማሰሉን አቆመ። አዲስ የጠረገው ጫማው ከጠረጴዛው ሥር ያበራል። ደሜ እንዲሁ ነበር ብትል ነገሩ አለቀ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሉ ይጻፋል፣ ቱሉ ወደ ጋራው ይመለሳል፣ እሷም አብራ፤ ከዚያ ታችኛው ዋሻ ውሃው ተቀድቶ ሲያልቅ ነጭ ድንጋይ ያገኛሉ። ያኔ የሚመለሱበት ቤት የጆንያ መጋዘን ሆኗል። እንዲሁ አልነበረም ብትል ደግሞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ ባሏን ከሃያ ዓመት ሕልሙ ላይ ልታወርደው ነው። ድካሟ ከእግሯ ተነሥቶ እስከ አንገቷ ደረሰ። ድንጋዩን ከጠረጴዛው አነሳችው። ከበዳት።

«ልጄ፣ እናትህ ሊጥ ስታቦካ ሁሉንም ነው የምትጋግረው?»

ሀብተሥላሴ ግራ ገባው። «እርሾ ታስቀራለች» አለ።

«እኛም እናስቀር ነበር።»

ከዚያ ነገረችው። ቀስ ብላ፣ ሳታሳምርና ሳታለቅስ፣ የትላንት ገበያ እንደምታወራ ነገረችው። ጉድጓዱን፣ ወለተጻድቅን፣ ከመደቡ ዳር የሚነሡትን ሦስት ሴቶች። ሀብተሥላሴ መጀመሪያ ይጽፍ ነበር፤ በኋላ መጻፉን ተወ። ከመቼ ጀምሮ በየወሩ እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። እርሾው መቼ እንዳለቀ ጠየቃት። መጨረሻዋን ድንጋይ በመስከረም እንደጨመረችና በጥቅምት ውሃው እንደገባ ነገረችው። «ውሃው ባይገባ በጥቅምት ይነቃብን ነበር» አለች። «የዚያን ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኛ ለቃሚዎቹ ተቃቅፈን እፎይ ነው ያልነው።»

ልጁ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበው። የሃያ አራቱን ወር ዓምድ በጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደበት፤ ከዚያ በዳርቻው ያለውን ጽሑፍ ብቻውን ወረደበት። በሚያዝያ ጭስ። በግንቦት ብዙ ጭስ። ጋራው እንደማንኛውም ጋራ እየሳሳ መሄዱን ሙሴ ስታቭሮ በገዛ እጁ ጽፎት ኖሯል፤ ስሙን ብቻ ነው የሳተው፤ መሳሳቱን ጭስ አለው። ሀብተሥላሴ ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ያልወሰነ መሰለ። በመጨረሻ ሳይስቅም ሳይቆጣም፣ ሁለት በጋ ሙሉ ሊለፉበት የነበረውን ሥራ እንዳተረፈቻቸው ነገራት። የተናገረችውን ጽፎ አነበበላት። አውራ ጣቷን አስፈረማት። ለቱሉም ስለ ሹመቱ አንድ ነገር ሊለው ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ግን የድንጋይ ትምህርት ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ቃል አላስተማረውም። እጁን ጨበጠውና መዝገቡን እንደገና ጠቅልሎ ወጣ። ሲወጣ መዝገቡን የታቀፈው እንደ ሕፃን አልነበረም።

ቱሉ እንግዳውን እስከ በሩ ሸኘው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀላል ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ። ቱሉ ወጣ። ደሜ ከውስጥ ሆና ሰማችው። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰላም አላቸው፣ በከንቱ ስላስለፋቸው ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ሐሳቡን እንደለወጠ ተናገረ። ምክንያቱን አልተናገረም። ጀላል ቅር መሰኘቱ አልቀረም፤ መጋዘኑን በልቡ ሠርቶ ጨርሶት ነበር። ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያ አጥሩስ ጋሽ ቱሉ?»

«አጥሩ ባለበት ይቆይ» አለ ቱሉ። «በአርባ ዘጠኝ ሽማግሌ ቆሞ የተተከለ ነው።»

ሀያቱ ከማዶ ሳቀች። ሽማግሌዎቹም ወደ ጀላል ቤት ሻይ ሊጠጡ ዞሩ፤ ለምን እንደተጠሩ እንኳ በደንብ ሳይገባቸው።

ቱሉ ተመልሶ ገባና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ደሜ ትላንት የቀረባትን ውሃ አሙቃ፣ ገበቴውን ስባ እግሯን ነከረች። እንዲያ ሲናፈቅ የዋለ ውሃ ምንም አላላትም። እንዲቆጣት ጠበቀች፤ አልተቆጣም። ድንጋይዋን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ አልጋው ሥር መለሳት፤ ሲያጎነብስ ጉልበቱ ጮኸ። ዱሬቲ ዛሬ ዘገየች አለ። አዎ ዘገየች አለችው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ደበቅኩህ» አለች በመጨረሻ። «ተማምለን ስለነበር ነው። በኋላ ደግሞ አንተ እንደዚያ ስታወራው… እንዴት ብዬ።»

ቱሉ ቀኝ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ።

«ከዋሻው ወደ እናንተ የሚመጣውንም፣ ከእናንተ ወደ ሙሴ የሚሄደውንም የተሸከመው ይኸው ትከሻ ነው» አላት። «የመጀመሪያው በየወሩ ሲቀል፣ ሁለተኛው አልቀለለም።»

ደሜ እግሯን ከውሃው ማውጣት ረሳች። ጎረቤት የጀላል ሽማግሌዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። ባሏን አየችው፤ ዱቄቱ ዛሬ የለበትም፣ የቀረው ሽበቱ ነው።

«እያወቅህ ነው ቤቱን ሸጠህ ልትሄድ የነበረው?» አለችው። «ሄደህ ምን ልታደርግ?»

«ጭሱን ልይዝ» አለ ቱሉ።